የላምዱዋን ቢጫ መስመር

ላምዱዋን የሚታጠብ ሞተር ሳይክል ስትቀበል መጀመሪያ የምታደርገው ውሃ መክፈት አይደለም። ግራ እጇን ወደ ሞተሩ ሆድ ታስጠጋለች፤ አትነካውም፣ ታስጠጋለች ብቻ። ሙቀቱ መዳፏ ላይ ከተሰማት «ይቀመጥ» ትላለች። ባለቤቱ ቢለምንም ቢቆጣም ሞተሩ የማንጎው ዛፍ ጥላ ሥር ሩብ ሰዓት ይቀመጣል። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚለቅ ሰው፣ በእሷ አባባል፣ ሞተር እያጠበ ሳይሆን እየገደለ ነው።

ያ ግራ እጇ አራት ጣት ነው ያለው። ሌባ ጣቷ ከሥሩ የለም። የሚያውቋት ሰዎች አያዩትም፤ የማያውቋት አይተው ዓይናቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ። እሷ ግን አትደብቀውም፤ ሳሙናውን የምትለካውም በዚያው እጅ ነው።

ላቫጆዋ ከሙክዳሃን ከተማ ወደ ላይ፣ የሜኮንግን ወንዝ ተከትሎ በሚሄደው መንገድ ዳር ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሲሚንቶ ወለል፣ በቺንጊያ የሚሽከረከር ባለ ሦስት ፒስተን ፓምፕ፣ ሁለት የውሃ በርሜል። ሞተር ብቻ ነው የምታጥበው፣ መኪና አትቀበልም። አብራት የምትሠራው የወንድሟ ሚስት ጂት ናት፤ ላምዱዋን ታጥባለች፣ ጂት ታደርቃለች፣ በመሀል ጂት ታወራለች።

ሥራው ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የጭስ መውጫው፣ የማርሚታው፣ አፍ በፕላስቲክ ከረጢት ተሸፍኖ በላስቲክ ይታሰራል። የቁልፉ ቀዳዳ በፕላስተር ይለጠፋል። ከዚያ ጭቃው በቀጭን ውሃ ይረጥባል፣ አረፋው ከታች ወደ ላይ ይቀባል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከላይ ወደ ታች ይለቀለቃል። የውሃው ሽጉጥ ከሞተሩ አንድ ክንድ ይርቃል። ሰፊው ጫፍ ነው የሚገጠመው፤ ውሃውን እንደ ማራገቢያ የሚበትነው። ጠባቡ ጫፍ፣ ውሃውን እንደ ወስፌ የሚያሾለው፣ ለጎማ ጥርስና ከጎማው በላይ ላለው ጭቃ መከላከያ፣ ለፓራፋንጎው፣ ውስጥ ብቻ ነው። የቸርኬው እምብርት ላይ፣ ካቴናው ላይ፣ ራዲያተሩ ላይ፣ ከወንበሩ ሥር ሽጉጥ አይደገንም። እዚያ ብሩሽና እጅ ይሠራል።

«ከወንዙ ድልድይ ወዲህ ያሉት አጣቢዎች በአሥር ደቂቃ ይጨርሳሉ» ይሏታል ደንበኞቿ።

«ይጨርሳሉ» ትላለች። «ውሃ የገባበት ኩሽኔታ በማግስቱ አይጮህም። በሁለተኛው ወር ነው የሚጮኸው። ያን ጊዜ ሰውዬው መካኒኩን ይሰድባል እንጂ አጣቢውን ማን ያስታውሳል?»

የመጨረሻው ሥርዓት ፍሬን ነው። የታጠበ ሞተር ፍሬኑ እርጥብ ስለሆነ አይይዝም። ስለዚህ ማንም ሰው፣ የፖሊስ አዛዡም ቢሆን፣ የፊት ፍሬኑን በቀኝ እጁ ጨምቆ፣ እሷ ከኋላ ገፍታ፣ ሞተሩ አልንቀሳቀስም ካላለ በቀር ከግቢው አይወጣም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ቢጫው መስመር አለ። ማጠቢያው ቦታ ዙሪያ፣ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ፣ ሲሚንቶው ላይ በቢጫ ቀለም ተስሏል። ሽጉጡ እጇ ላይ እያለ ያንን መስመር ማንም አያልፍም። ውሻ ቢያልፍ እንኳ እጇን ከቃታው ታነሳለች። ሰዎች ይስቁባታል። «ሞተር ነው የምታጥቢው ወይስ ፈንጂ ነው የምታመክኚው?» ብሏት ነበር አንዱ። እሷ አልሳቀችም።

ምክንያቱ ያ ጣት ነው። ሃያ አራት ዓመቷ ሳለ ሙክዳሃን አንድ የከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ከወንዶቹ መሀል ብቸኛዋ ሴት። አንድ ቀን የግራሶው ፓምፕ ተዘጋ። ጫፉን በሌባ ጣቷ ጠርጋ ስታይ አንድ ነገር ቸክ አደረጋት። የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነጥብ ነበር፣ ደም እንኳ በወጉ አልወጣውም። ሳቀች፣ እጇን ታጠበች፣ ሥራዋን ጨረሰች፣ ማታ የሩዝ ኑድል በላች፣ በማግስቱ ዘመድ ሠርግ ላይ ጨፈረች። በሦስተኛው ቀን ጣቷ ጠቆረ። ግራሶው በዚያች ቀዳዳ ገብቶ እስከ መዳፏ ድረስ ከቆዳ ሥር ተሰራጭቶ ነበር። ሐኪሙ «በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብትመጪ አድንልሽ ነበር» አላት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስምንት ዓመት አለፈ። ሐኪሙ ያለውን ግን በየቀኑ እንደሰማችው ነው የምትኖረው።

አሁን ወደ አዲስ ዓመት ዋዜማው እንምጣ።

በዚያ አገር አዲሱ ዓመት የሚገባው በሚያዝያ ሐሩር ነው። ሰው በሦስቱ ቀን በዓል ውሃ ይራጫል፣ ፊቱን ነጭ ዱቄት ይቀባባል፣ የሽማግሌዎችን መዳፍ በሽቶ ውሃ አጥቦ ይመረቃል። ዋዜማው ላይ ግን ቤቱም ልብሱም ሞተሩም መጽዳት አለበት። በቆሸሸ ሞተር ዓመት የሚቀበል የለም። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን፣ በዚያች ዋዜማ፣ ላምዱዋን በር ላይ የሞተር ሰልፍ እስከ መንገዱ ይደርሳል።

ያን ቀን ሰባት ሰዓት ላይ አሥራ ስምንት ሞተር ተሰልፎ ነበር።

«እትዬ» አለች ጂት፣ ጨርቅ እየጨመቀች፣ «ነገ በዱቄት ሊለቀልቁት ዛሬ ምን አስቸኮላቸው?»

«ሰውም ነገ ሊርበው ነው ዛሬ የሚበላው» አለች ላምዱዋን። «ወሬ ተይና አድርቂ።»

ከሰልፉ አንዱ ጮኸ፣ «ኧረ ላምዱዋን! ሞተር ነው ሙሽራ የምታጥቢው? እኔ እኮ ስመጣ ወጣት ነበርኩ!»

«ስትመጣም ሽበት ነበረህ» አለችው። ሰልፉ ሳቀ።

ተራው የካምፓን ነበር። ካምፓን ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጎማ የሚሠራበትን ወተት ለማውጣት ጎማ ዛፍ የሚበጣ ሰው። ሰባት መቶ ዛፍ አለው። ዛፎቹ ቅጠል በሚያራግፉባቸው ወራት ያርፋል፣ ዝናቡ ሲገባ፣ ግንቦት ላይ፣ ቢላውን ስሎ ይጀምራል። ሥራው የእጅ ሥራ ነው። ቢላው ቅርፊቱን እንደ ወረቀት አሳስቶ መቁረጥ አለበት፤ ትንሽ ጠለቅ ካለ ዛፉ ይቆስላል፣ ለዓመታትም ወተት አይሰጥም። ካምፓን በዚያ አካባቢ ዛፍ የማያቆስል እጅ ነው የሚባለው። ቀኝ እጁ ማለት ነው።

ሞተሩ አሮጌ ነው። የደረቀ የጎማ ወተት ከነአቧራው ተጋግሮበት እንደ ጉማሬ ቆዳ ሆኗል። ከፊት መብራቱ በላይ ግን ንጹሕ ቦታ አለ፤ ሦስት ነጭ ነጥቦች፣ በሦስት ማዕዘን የተቀመጡ። አዲስ ሞተር የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ገዳም ይወስደዋል፤ መነኩሴው ጣቱን በነጭ ቅባት ነክሮ እነዚያን ነጥቦች ያደርግለታል፣ ከአደጋም ይጠብቁታል። የካምፓንን ነጥቦች ያደረጉት አባ ፓን ናቸው። አባ ፓን ባለፈው ክረምት በዘጠና አራት ዓመታቸው አርፈዋል። ስለዚህ እነዚያ ሦስት ነጥቦች ቢለቁ የሚመልሳቸው የለም።

ላምዱዋን ስለ ነጥቦቹ ታምን እንደሆነ አንድም ሰው ሰምቷት አያውቅም። የምታደርገው ግን የታወቀ ነው። እርጥብ ጨርቅ አጥፋ ነጥቦቹ ላይ ታለብሳለች፣ ዙሪያውን በእጇ ታጥባለች፣ ሽጉጥ ወደዚያ አታዞርም።

ያን ቀን ጨርቁ አልነበረም። ጂት የሌላ ሰው ወንበር ልታደርቅበት ወስዳዋለች። ላምዱዋን «ጨርቄን!» ብላ ልትጠራ አሰበች፣ ከዚያ ሰልፉን አየች፣ ከታች ብቻ ስለምለቀልቅ ግድ የለም ብላ ተወችው። የሠራችው ስህተት ይህ ብቻ አልነበረም። ከካምፓን ሞተር በፊት ከሩዝ ማሳ የመጣ ሞተር ፓራፋንጎው ውስጥ ሸክላ አፈር ደርቆበት ስለነበር ጠባቡን ጫፍ ገጥማ ነበር። የካምፓንም ፓራፋንጎ እንደዚያው ስለሆነ ጫፉን ሳትቀይር ቀጠለች። በሌላ ቀን ብትሆን ለእያንዳንዱ ሞተር አውጥታ ትገጥም ነበር።

ካምፓን ከመስመሩ ወዲያ ቆሞ ግራ እጁ ላይ የተጠበሰ ዶሮና እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ሩዝ ይዞ እየበላ ያያል። ነጥቦቹ ላይ ጨርቅ የለም። ውሃው ከጎማው ወደ ፓራፋንጎው ወጣ፣ ከፓራፋንጎው ወደ መብራቱ ሥር ወጣ።

«ላምዱዋን፣ የአባ ፓንን!» አለ።

የፓምፑ ጩኸት ዋጠው። አልሰማችም።

«የአባ ፓንን ነጥብ!»

ከዚያ ያደረገው የዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እናቱ ላይ ዝናብ ሲጥል እጁን እንደሚዘረጋ ሰው። ቢጫውን መስመር ተሻግሮ፣ ከጎን ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ መዳፉን ነጥቦቹ ላይ ከደነ፣ የመዳፉን ውስጥ ወደ ውሃው አድርጎ። በዚያው ቅጽበት ላምዱዋን ሽጉጡን አንድ ስንዝር ወደ ላይ አነሳችው።

ቃታውን ለቀቀችው። ግማሽ ሰከንድ ቢሆን ነው። ውሃው ግን፣ ሽጉጡን ለፓራፋንጎው ብላ አቅርባው ስለነበር፣ ከስንዝር ርቀት መዳፉን አግኝቶታል።

«ኧረ!» አለ ካምፓን፣ እጁን እያራገፈ። «ቆነጠጠኝ!» ከዚያ መዳፉን አየና ሳቀ። ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ሥጋው ላይ፣ ቀይ ነጥብ አለች። «ዝንብ የነከሰኝ ያህል ነው። ነጥቦቹ ደህና ናቸው፣ እጠቢ።»

ላምዱዋን ፓምፑን አጠፋች። ድንገት ጸጥ ሲል ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየ።

«አሳየኝ» አለች።

«ምኑን ላሳይሽ፣ ምንም የለም።»

«አያ ካምፓን፣ አሳየኝ።»

አሳያት። ነጥቧ ደም እንኳ የላትም። ላምዱዋን የመዳፉን ሥጋ በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ ነካች፣ ከዚያ ሰዓቷን አየች። ሰባት ሰዓት ከሃያ።

«ሆስፒታል እንሄዳለን።»

ካምፓን ወደ ሰልፉ ዞሮ እጁን አንስቶ አሳየ። «እዩልኝ! በመርፌ ቀዳዳ ሆስፒታል ግባ ትለኛለች!»

«ሄደህ ነርሶቹን አይተህ ና፣ ምን ቸገረህ!» አለ አንዱ።

«አልሄድም። ነገ የእናቴን እጅ የማጥብ ሰው ነኝ። ለዋዜማ ያልታረደ ዳክዬ አለኝ። እጠቢና ልሂድ።»

ላምዱዋን ግራ እጇን ፊቱ ላይ ዘረጋችው፣ ጣት የሌለበትን ቦታ በሌላ እጇ እያሳየች።

«ይሄም የመርፌ ቀዳዳ ነበረች።»

«ያንቺ ግራሶ ነው። የኔ ውሃ ነው። ሰው በውሃ ጣቱ ይቆረጣል?»

«ውሃ ብቻ መሰለህ? ሳሙና አለበት። ያንተ ፓራፋንጎ ጭቃ አለበት። ሞተርህ ሥር የምታሳድራቸው ዶሮዎች ኩስ አለበት። ይሄ ሁሉ ገብቷል፤ ቀዳዳው ደግሞ ከኋላው ተዘግቷል። አያ፣ ግንቦት ስንት ቀን ቀረው?»

ካምፓን በከንፈሩ መቁጠር ጀመረ።

«ሰባት መቶ ዛፍ በግራ እጅህ ልትበጣ ነው?»

ሳቁ ከፊቱ ቀስ እያለ ጠፋ። መዳፉን እንደ አዲስ አየው። «አሁን እኮ አያመኝም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔንም አላመመኝም። ጨፍሬበታለሁ።» ከዚያ ሩዙን ከእጁ ወሰደችበት። «ካሁን በኋላ ምንም እንዳትቀምስ፣ ውሃም ቢሆን። ሊያስተኙህ ይችላሉ። እጅህን ከደረትህ በላይ ያዝ። አትሽ፣ አትጭመቅ።»

የካምፓን ሞተር አረፋ እንደለበሰ ነው፣ ፍሬኑም እርጥብ ነው። ላምዱዋን ሰልፉን በዓይኗ ቃኘችና አንዲት የገበያ ነጋዴ ጋ ደረሰች።

«ቁልፍሽን ስጪኝ።»

«የኔን? ገና እኮ አልታጠበም!»

«ለዚህ ነው የምፈልገው። ፍሬኑ ደረቅ ነው።»

ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ቁልፉን ሰጠቻት። ላምዱዋን ከመሄዷ በፊት የሳሙናውን ጀሪካን አነሳች፣ በጩቤ ከላዩ ወረቀቱን ገፈፈች፣ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«ጂት፣ ፓምፑን ማንም እንዳይነካ። አንቺም ጭምር።»

«አሥራ ሰባቱን ሰው ምን ልበል እትዬ?»

«ባልዲ አለ በያቸው።»

የወረዳው ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል በበዓል ሰሞን የታወቀ ነው። የሰከረ፣ ከሞተር የወደቀ፣ ከፒካፕ ጀርባ የተንከባለለ፤ በዚያች ከሰዓት በኋላ ሦስት አልጋ ኮሪደር ላይ ነበር። ተራ የምትለየው ነርስ ወጣት ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ እንዳልተቀመጠች ከትከሻዋ ይታያል። የካምፓንን መዳፍ በትንሽ መብራት አየች።

«የውሃ ማጠቢያ ነው? ትንሽ ጭረት ነው እናቴ። በቁስል ማጽጃ እንጠርገዋለን። ቁጥር ያዙና ተቀመጡ፣ ተራችሁ አርባ አንድ ነው።»

«አላልኩሽም?» አለ ካምፓን ወደ ላምዱዋን ዞሮ። የኮሪደሩን አልጋዎች አይቶ ሊነሳ ነበር።

ላምዱዋን አልጮኸችም። ነርሷ በዚያ ቀን ስንት ጩኸት እንደሰማች ታውቃለች። ግራ እጇን የነርሷ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመዝገቡ አጠገብ፣ ጣቶቿን ዘርግታ አስቀመጠች። ከዚያ ጋራዥ ውስጥ ከዕቃ ግምጃ ቤት ዕቃ እንደሚያዝ ሰው ተናገረች።

«እህቴ፣ ጻፊልኝ። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ። ባለ ሦስት ፒስተን ፓምፕ፣ ጠባብ ጫፍ፣ በአንድ ስንዝር ርቀት፣ ቀጥታ መዳፍ ላይ። ውሃው ሳሙና ነበረበት፣ የሳሙናው ወረቀት ይኸውና። ጭቃና የዶሮ ኩስም ነበረበት። ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሩዝ በልቷል፣ ካደጋው በኋላ አልቀመሰም። ይሄ የኔ እጅ ነው። የኔም እንዲህ ያለ ነጥብ ነበረ፣ በሦስተኛው ቀን ነው የመጣሁት። ሽጉጡን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጫፉን አልቀየርኩም።»

ነርሷ ወረቀቱን አየች፣ የላምዱዋንን እጅ አየች። ከዚያ የካምፓንን መዳፍ ደግማ ያዘችና አሁን በአውራ ጣቷ ጫን አለች፤ ነጥቧ ላይ ሳይሆን ራቅ ብላ፣ ወደ አንጓው። ከቆዳው ሥር ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ እንደሚሰማው ያለ ነገር ተንኮሻኮሸ። ካምፓንም ተሰማው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምንድነው እሱ?» አለ።

«አየር ነው» አለች ነርሷ፣ ተነስታ። «ውሃው ይዞት የገባው። እዚሁ ይቆዩ፣ አይንቀሳቀሱ።» ወደ ውስጥ የሄደችው በሩጫ ነበር።

የመጣው ሐኪም ወጣት ነው፤ መነጽሩ ላይ የደም ጠብታ ደርቆበታል። መዳፉን ነካ ነካ አደረገ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ፣ ፎቶ አስነሳ፣ የሳሙናውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበ።

«መከፈት አለበት» አለ። «እዚሁ፣ አሁን። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ብልከው ሰዓት ይሄዳል፤ በዚህ መንገድ፣ በዚህ ቀን። ማን ነው ወረቀቱን ያመጣው?»

«እሷ» አለ ካምፓን። «የወጋችኝም እሷ ናት።»

«የወጋህ ሰው እንዲህ ከሆነ ደግ ነው» አለ ሐኪሙ።

ካምፓን አልጋ ላይ እያለ፣ ልብሱን ሲያወልቁለት፣ ላምዱዋንን በጤነኛው እጁ ጠራት። «ዳክዬውን እረጂልኝ። እናቴን ነገ እመጣለሁ በያት።»

«እነግራታለሁ።»

«ሞተሩን...»

«በእጄ አጥበዋለሁ። ሽጉጥ አይነካውም።»

መዳፉን ከነጥቧ እስከ አንጓው ከፍተው አጠቡት። ከሥጋው መሀል አሸዋና የሳሙና አረፋ ወጣ፤ አረፋው ሐምራዊ ነበር ብሎ ሐኪሙ ኋላ ላይ ነገራት። የዚያ ሳሙና ቀለሙ እንደዚያ ነው።

እሷ ግን ወጥቶ እስኪነግራት አልተቀመጠችም። የነጋዴዋን ሞተር ልትመልስ ሄደች። ላቫጆው ጋ ስትደርስ ከሰልፉ ግማሹ ሄዷል፣ ግማሹ እጅጌውን ሰብስቦ በባልዲ ያጥባል፤ ያ ሽበት ያለው ሰውዬ እንኳ ጎንበስ ብሎ ቸርኬ እየፈተገ ነበር። ጂት በመሀላቸው እየዞረች «ካቴናው ላይ አይደለም፣ በብሩሽ፣ በብሩሽ!» ትላለች። ማንም ቢጫውን መስመር አላለፈም። ፓምፑ ላይ ጂት የሩዝ ማበጠሪያዋን ደፍታበታለች፤ ማንም እንዳይነካው።

የካምፓን ሞተር አረፋው ደርቆበት እንደ ለምጽ ነጠብጣብ ሆኖበታል። ላምዱዋን ባልዲ ቀድታ፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የጎማውን ወተት በጥፍሯ እየፋቀች ሁለት ሰዓት አጠበችው። ሦስቱ ነጥቦች እንዳሉ ነበሩ። ከዚያ የካምፓን እናት ቤት ሄዳ ዳክዬውን አረደች። ሽማግሊቷ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው።

«ልጄ የት አለ?» አሉ።

«እጁን እያሳጠበ ነው እማማ።»

«ስንት ሰዓት ነው እጅ የሚታጠበው?» አሉና ወደ ምድጃቸው ዞሩ። ጠያቂ ሴት አይደሉም።

በማግስቱ ጠዋት፣ የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን፣ ላምዱዋን ሆስፒታል ስትደርስ ካምፓን ክንዱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከአልጋው በላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጣቶቹ ያበጡ ቢሆንም ሐምራዊና ሮዝ ናቸው፤ ጥቁር አይደሉም። ላምዱዋን መጀመሪያ ያየችው ያንን ነው።

«ሦስቱም አሉ?» አለ፣ ከሰላምታ በፊት።

«ጣቶችህ?»

«ነጥቦቹ!»

«አሉ።»

«እንግዲያው እጄ ሥራውን ሠርቷል።»

«ጨርቅ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ» አለች ላምዱዋን። «ጨርቁን ማልበስ ነበረብኝ። ጫፉንም መቀየር ነበረብኝ። ሰልፉን አይቼ ነው።»

ካምፓን በጤነኛው እጁ ጆሮውን አከከ። «እኔም መስመሩን አልፌያለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጥፋቱ ሁለተኛ አልተነጋገሩም።

ለሳምንት ያህል ቁስሉ ሳይሰፋ ተከፍቶ ቆየ፣ በየቀኑ ይታጠባል፤ በኋላ ተሰፋ። ሐኪሙ እጁ ይድናል፣ ግን ጅማቶቹ ተጎድተዋልና ምን ያህል እንደሚጨብጥ ጊዜ ያሳያል አለ። የጎማ ኳስ ሰጥተው በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ጭመቅ አሉት። ካምፓን ኳሱን ትቶ የደረቀ የጎማ ወተት ድቡልቡል አድርጎ ይጨምቅ ነበር፤ የራሴ ይሻላል እያለ።

ላምዱዋን በበኩሏ ሁለት ነገር ሠራች። ሁለቱን ጫፎች ቀለም ቀባቻቸው፣ ሰፊውን አረንጓዴ፣ ጠባቡን ቀይ፤ ቀዩ ከሥራ በኋላ ግድግዳው ላይ ካልተሰቀለ ፓምፑ አይነሳም። ሌላው ክዳን ነው። ውስጡ የሚታይ የውሃ ጠርሙስ ቂጥ ቆርጣ፣ ጠርዙን በአሮጌ ከመነዳሪ ጠቅልላ፣ እንደ ሲኒ የምትደፋ ነገር አበጀች። ነጥቦቹ ላይ ትደፋና በፕላስተር ትያያዛለች። ከውጭ ሰዎች ስለሚያዩዋቸው ነጥቦቹ ደህና መሆናቸውን ከመስመሩ ወዲያ ሆነው ያረጋግጣሉ። ጥሩነቷ እሱ ነው፤ ጨርቅ ይሸፍናል፣ ስለዚህ ሰው ይጠራጠራል፣ ይቀርባል። ከወር በኋላ ከድልድዩ ወዲህ ያሉት አጣቢዎችም ጠርሙስ መቁረጥ ጀመሩ።

ዝናቡ ግንቦት ሳያልቅ ገባ። የጎማ ሰዎች ቢላቸውን ሳሉ። ካምፓን አልታየም። ጂት ወሬ ለቃቅማ ታመጣለች፤ አንድ ቀን ጀምሯል፣ ሌላ ቀን ትቷል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ዛፎቹን ሊያከራይ ነው። ላምዱዋን አትጠይቅም፤ ግን ጂት ስታወራ ብሩሹ ይቆማል።

ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ከዝናብ በኋላ፣ መጣ። ሞተሩ እንደ ጉማሬ ነው። አዲስ የጎማ ወተት፣ ገና ነጭ የሆነ፣ ከኋላ ጎማው ላይ ይንጠባጠባል። ላምዱዋን ወተቱን አየች፤ ትኩስ ነው። ግራ እጇን ወደ ሞተሩ ሆድ አስጠጋች።

«ይቀመጥ» አለች።

«በዚህ ዝናብ ምኑ ጋለ?» አለ ካምፓን፣ ግን ገፍቶ ማንጎው ሥር አቆመው።

«ስንት ዛፍ?» አለች ጂት፣ ላምዱዋን መጠየቅ ያቃታትን።

«አምስት መቶ። ሁለት መቶውን ለወንድሜ ልጅ ሰጠሁ። ትንሿ ጣት አልታጠፍ ብላኛለች፣ ቢላውን በሦስት ጣት ነው የምይዘው።»

«ዛፍ ታቆስላለህ?» አለች ጂት ደግማ።

«አንድ አቁስያለሁ» አለ። «ይቅርታ ጠየቅኩት።»

ላምዱዋን ማርሚታውን አፈነች፣ የቁልፉን ቀዳዳ ለጠፈች፣ ክዳኗን ነጥቦቹ ላይ ደፍታ አያያዘች፣ አረንጓዴውን ጫፍ ገጠመች። ካምፓን ሳይነገረው ከቢጫው መስመር ወዲያ ቆመ፤ የእግሩ ጣቶች ከመስመሩ ግማሽ ክንድ ርቀው፣ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ። ፓምፑ ተነሳ።

ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ካቴናው ዘይት ከተቀባ በኋላ ክዳኑ ተነሳ። ካምፓን ሞተሩ ላይ ወጣ። ላምዱዋን ከኋላ ቆመች፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ሁለት እጇን የዕቃ መጫኛው ላይ አድርጋ።

«ጭመቅ» አለች።

ቀኝ እጁን ፍሬኑ ላይ አደረገ። ሦስት ጣት ታጠፈ፣ ትንሿ ቆማ ቀረች። ላምዱዋን ገፋች። ሞተሩ አንድ ስንዝር ተንሸራተተ።

«አልያዘም።»

«እርጥብ ነው» አለ ካምፓን።

«ጂት ሁለቴ አድርቃዋለች። ደግመህ ጭመቅ።»

ካምፓን ትከሻውን አስተካከለ። የመዳፉ ጠባሳ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው፣ ነጣ። የፍሬኑ እጀታ ቀስ እያለ ወደ መሪው ቀረበ፣ ቀረበ፣ ቆመ። ላምዱዋን እግሯን ሲሚንቶው ላይ ተክላ በሙሉ ኃይሏ ገፋች። የፊት ጎማው እርጥብ ወለል ላይ ሲጥ አለና አልንቀሳቀስም አለ። ትንሽ ቆየችና አንዴ ደግሞ ገፋች። ያዘ።

እጆቿን አነሳች።

«ሂድ» አለችው፣ ወደሚቀጥለው ሞተር እየዞረች።